ሙኒራን ፕሮፌሰር ያደረገ ምቀኛ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሰልፉ እንደ ልማዱ ነው፤ ራሱ አስፋልቱ ዳር፣ ጭራው ደግሞ፣ ሳላጋንን፣ ዝዋይ አካባቢ። ከፊቴ የቆመው በቅርቡ ትምህርት ቤታችን የተመደበ ወጣት የባዮሎጂ መምህር ነበር። ስልኩን ሲነካካ ቆየና ድንገት ዞር ብሎ፣

«ቲቸር ታምራት፣ እቺን ሴትዮ ያውቋታል እንዴ? ድሮ እኛ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምር ነበር ይላል» አለኝና ስልኩን ዐይኔ ሥር ደቀነው።

ሙኒራ ነበረች። መነጽር ጨምራለች፣ ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ሻሿ ግን እንደ ድሮው ወደ ግራ ዘመም ያለ ነው። ከፎቶው ሥር ዩኒቨርሲቲው ያወጣው የደስታ መግለጫ አለ። የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪዋ ዶክተር ሙኒራ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት አድገዋል ይላል። ከዚያ በታች እንኳን ደስ ያለሽ የሚለው ሰው ብዛት፣ ርችቱ፣ አበባው፣ የሚያጨበጭበው ቢጫ እጅ፣ ጣት እስኪደክም ወደ ላይ ቢገፉት አያልቅም።

«አውቃታለሁ» አልኩት።

«በጣም ጎበዝ ናት አይደል?»

«ትሞክራለች።»

ትሞክራለች! እግዜር ያሳያችሁ! ሴትዮዋ ያሳተመቻቸው ጥናቶች ከራስ ጸጉሬ ይበዛሉ፤ ይሄ እንኳ ማጋነን አይደለም፣ ራሴን ያየ ይመሰክራል። ልጆች ሳይንስን እንዴት እንደሚረዱ፣ በተለይም እንዴት እንደማይረዱ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታጠና የኖረች ናት። ልጄ መምህራን ኮሌጅ ስትገባ የተሰጣት ሞጁል ላይ ስሟ አለ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ፣ ከሽሮዬ ጎን ተቀምጣ ዓመት ሙሉ ስታየኝ ከርማለች።

ታክሲው መጣ፤ ተጋፍተን ገባን። ረዳቱ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት አድርጎ ጠቀጠቀን። ጉልበቴ አገጬን እየነካ የማስበው ስለ ቅናት ነበር።

በቅናት ረገድ ልምድ ያለኝ ሰው ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ውሃ እንደ ልቡ ሲቀዳ፣ የእኔ ቧንቧ በወር አንዴ አስነጥሶ ዝም ሲል፣ የሱን ባልዲ ድምፅ እየሰማሁ ቀንቻለሁ። ጸጉር ባለው ሁሉ ቀንቻለሁ። ባለቤቴን ሰብለን ከእኔ በፊት ጠይቆ ባልተሳካለት ሰውዬ እንኳ የቀናሁበት ቀን አለ። (ሰብልዬ፣ ይህን ካነበብሽ ቀልድ ነው።) እነዚህ ግን እንደ ጉንፋን ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። በሙኒራ ላይ ያለኝ ቅናት ግን ቋሚ ሠራተኛ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ቀን የዓመት ፈቃድ ሳይወስድ፣ ሳይታመም፣ ሳያረፍድ አገልግሎኛል። እንዴት እንደተቀጠረ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከሀና ማርያም ዝቅ ብሎ ካለው ተዳፋት ላይ ነው። ዛሬ ዙሪያውን ፎቅ ውጦታል እንጂ ያኔ ከበሩ ላይ ቆሞ ወደ ጀሞ የተመለከተ ሰው የሚያየው ጤፍና ሽምብራ ብቻ ነበር። አሁን እኔ የምተኛበት አራተኛ ፎቅ አሞራ የሚዞርበት ባዶ አየር ነበር። ክረምት ላይ መንገዱ ጫማ ይበላል፤ አንዱን ጫማዬን በሐምሌ ውጦ በጥቅምት መልሶልኛል፣ እግሬም በመሀሉ አድጎ ጠበበኝ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ጭቃው ይደርቅና ሴቶች እሸት ሽምብራ በእቅፍ ታቅፈው በራችን ላይ ይደረደራሉ። የቅጠሉ ጎምዛዛ ጨው ጣት ላይ ስለሚቀር በዚያ ወር የማርመው ደብተር ሁሉ ሽምብራ ሽምብራ ይል ነበር።

እኔ በዚያ ትምህርት ቤት፣ ትሕትናዬን ይቅር በሉኝና፣ ኮከብ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምር ክፍሌ ቴአትር ቤት ነው። ልጆች የኒውተንን ሕግ እንዳይረሱት ግንባሬን ከጥቁር ሰሌዳው ጋር አጋጭቼ «እኔ ሰሌዳውን መታሁት፣ ሰሌዳውም መታኝ!» እያልኩ እጮሃለሁ። የሌላ ክፍል ተማሪዎች በመስኮት ይንጠለጠላሉ። ዳይሬክተራችን አቶ በላቸው ራሳቸው ኮሪደር ላይ ቆመው ሲስቁ ይዣቸዋለሁ።

ሙኒራ የመጣችው በዚህ ዝናዬ ላይ ነው። አባቷ ከስልጤ መጥተው እዚያው ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ባልዲ፣ ጆግና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። እሷ ዝምተኛ ናት፣ ቀጭን ናት፣ ጠመኔ ስትይዝ እንኳ የሚሰበር እየመሰላት ነው። መጀመሪያ ጭራሽ ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም። በኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ። ልጆቹን ትጠይቅና ዝም ትላለች። ዝም ማለት ስላችሁ የእናንተን ዓይነት አይደለም፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ እኔ ሦስት ቀልድ፣ አንድ ተረትና የኒውተንን ሙሉ የሕይወት ታሪክ እጨርሳለሁ። ልጁ ራሱን ያካል፣ ጣራ ያያል፣ ጫማውን ያያል፤ እሷ ንቅንቅ የለም። ከዚያ ልጁ የሆነ ነገር ይላል። ትክክል ይሁን ስህተት ሳትነግረው «እንዴት እንዲህ አልክ?» ትለዋለች።

ልጆች ከእኔ ክፍል እየሳቁ ይወጡ ነበር። ከእሷ ክፍል ግን እየተከራከሩ መውጣት ጀመሩ። የእኔ ሳቅ ደረጃው ላይ ያልቃል፤ የእሷ ክርክር በሩን አልፎ ሽምብራ ሻጮቹ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቀን ሽምብራ የምትሸጥ ሴት «ቲቸር፣ ጥላ ለምን ማታ ማታ ይረዝማል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ የቅናቴ የቅጥር ደብዳቤ ያን ቀን ተፈረመ።

እዚህ ላይ የጉዳዩን ዋና ነገር ልንገራችሁ። እኔም እሷም ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብተን ማስተርስ እንማር ነበር፤ ሁለታችንም በፊዚክስ ትምህርት። የመጨረሻው ዓመት ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጥተው፣ ከእኛ መሀል የመመረቂያ ጥናቱ የበለጠውን አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲው በሌክቸረርነት ያስቀረዋል አሉን። አንድ ሰው ብቻ። ከሠላሳ ሁለት መምህራን ሠላሳው ተስፋ ቆርጠው እኔና ሙኒራ ቀረን። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሠላሳዎቹ ተስፋ መቁረጣቸውን አልሰሙም ነበር።

ለእኔ ያ ወንበር የሞት የሽረት ነበር። ከዚያ ጭቃ የምወጣበት መሰላል እሱ ብቻ ነው ብዬ አምኛለሁ። ይባስ ብሎ እናቴ ለጽዋ ማኅበርተኞቿ በሙሉ «ታሜ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ነው» ብላ አውርታ ጨርሳለች። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እንኳን ደስ ያለህ ሌክቸረር» የሚሉኝ ባልቴቶች ነበሩ።

የእኔ ጥናት መምህራን ስለ ቤተ ሙከራ ያላቸውን አመለካከት የሚመለከት ነበር። መጠይቁን በስብሰባ ቀን በተን አድርጌ፣ በሻይ ሰዓት ሰብስቤ፣ በአንድ ቀን ጉዳዩን ዘጋሁት። ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርጓል። ከዚህ የበለጠ ምን ሳይንስ አለ?

ሙኒራ ደግሞ አንድ ቀን በሻይ ክበባችን፣ ፓስቲዬን እየገመጥኩ ሳለ፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ታሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ጀምሪ።»

«ከአንተ ክፍል አሥራ ሁለት ልጅ ስጠኝ።»

«ልትበያቸው ነው?»

«ላነጋግራቸው ነው። የእኔ ልጆች እኔን ለምደውኛል፣ አይሆኑልኝም። አምፖል ለምን እንደሚበራ ምን እንደሚያስቡ ነው የምጠይቃቸው።»

«ምን እንደሚያውቁ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም፣ ምን እንደሚያስቡ።»

«እነሱ የሚያስቡት ምሳቸውን ነው!»

ሳቀች። «ምሳም ካሰቡ እጽፈዋለሁ። ብቻ አደራህን ታሜ፣ ምንም እንዳትነግራቸው። ሳይዘጋጁ ነው የምፈልጋቸው።»

«ማርያምን አልነግራቸውም!» አልኩ፣ ፓስቲው አፌ ውስጥ እንዳለ።

ሳይዘጋጁ! እስቲ ፍረዱኝ፤ በእኛ ትምህርት ቤት ሳይዘጋጅ ሰው ፊት የሚቀርብ ልጅ ታይቶ አይታወቅም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የምናስተምረው ከሳምንት በፊት ያስተማርነውን ነው። ጥያቄ ስንጠይቅ የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያወጣል፤ እኛ ቀኝ ቀኙን እንጠራለን። ሱፐርቫይዘሩ የእጁን ጫካ አይቶ ተደስቶ ይሄዳል። እሱም መምህር ሳለ እንዲሁ ሲያደርግ ስለነበር የትኛው እጅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ማን ማንን ያሳፍራል? ሰው መጥቶ ልጆችን ሊጠይቅ ነው ሲባል ማዘጋጀት ለእኛ እንደ ማስነጠስ ነው።

እኔ ግን ለልማድ ብዬ ብቻ አላደረግኩትም። ሂሳቤ ቀላል ነበር። ሙኒራ የምታጠናው ልጆች ኤሌክትሪክን ተሳስተው እንደሚረዱ ነው። አሥራ ሁለቱ ልጆች ሁሉን ነገር አንድ በአንድ በትክክል ቢመልሱላት ጥናቷ ምን ይበላል? በዚያ ላይ የእኔ ጀግንነት በእሷ ወረቀት ላይ ይመዘገባል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከክፍል በኋላ አስቀርቼ አስጠናኋቸው። በእንግሊዝኛ ነው፣ በዜማ። «ኤሌክትሪክ ከረንት ኢዝ ዘ ፍሎው ኦፍ ኤሌክትሪክ ቻርጅስ!» አሥራ ሁለቱ በአንድ ድምፅ ሲሉት የቆርቆሮው ጣራ ይነሳል። ከሁሉም የምትበልጠው ፍሬሕይወት የምትባል ልጅ ነበረች፤ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። እናቷ መጥታ «ቲቸር፣ ልጄ ሽንኩርት እየላጠች ቻርጅ ቻርጅ ትላለች፣ ምን አስነካችኋት?» ብላኛለች።

ቃለ መጠይቁ የተደረገው በኅዳር አጋማሽ ከሰዓት በኋላ፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነበር። ከካርቶን የተሠራ ሳንባ፣ አፍሪካ የተላጠችበት ሉል፣ ሦስት እግር ያለው ወንበር ያለበት ክፍል። እኔ መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተር የማርም መሰልኩ። የመስኮቱ መስታወት ከተሰበረ ዓመት አልፎታል።

መጀመሪያ የገባችው ፍሬሕይወት ናት።

«ፍሬ፣ አምፖል እንዲበራ ምን የሚያስፈልግ ይመስልሻል?» አለቻት ሙኒራ በዚያ በለስላሳ ድምፅዋ።

«ኤሌክትሪክ ከረንት ኢዝ ዘ ፍሎው ኦፍ ኤሌክትሪክ ቻርጅስ!»

እኔ ድንጋዬ ላይ ሆኜ ጡጫዬን ጨበጥኩ። ጎል!

«ጎበዝ። እስቲ በአማርኛ ንገሪኝ።»

ዝም።

«በራስሽ አባባል።»

«ቲቸር... በአማርኛ አልተሰጠንም።»

ጠረጴዛ ላይ የሆነ ነገር ሲቀመጥ ሰማሁ። ቀና ብዬ አጮልቄ አየሁ። አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ የባትሪ አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ነው።

«ይኸውልሽ። አብሪልኝ።»

ፍሬሕይወት አምፖሉን ድንጋዩ ጫፍ ላይ አቆመችው። አልበራም። ሽቦውን ከአምፖሉ አስነክታ ድንጋዩ ላይ አደረገችው። አልበራም። ገለበጠችው። እፍ አለችበት። ትርጉሙን ለራሷ በሹክሹክታ አነበነበች፤ ከእሱ አንዱ ቃል ወጥቶ ያበራላት ይመስል። ሙኒራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም። እኔ ነኝ መስኮቱ ሥር ልፈነዳ የደረስኩት። «የአምፖሉን ጎን! ጎኑን!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና... ጎኑ ነው እንዴ? ብዬ ዘጋሁት።

አሥራ ሁለቱም ገብተው ወጡ። አሥራ ሁለቱም እንደ ሬድዮ ተናገሩ። አምፖሏን ያበራት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም በድንገት ስትበራ ደንግጦ ጣላት፣ መልሶም ሊያበራት አልቻለም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ እኔ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ አለ። በዲግሪ የተመረቅሁ፣ ማስተርስ ልይዝ የደረስኩ፣ ግንባሬን ለፊዚክስ ያቆሰልኩ ሰው ነኝ። አምፖሏን ለማብራት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ ለሰብለ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ስትበራልኝ ግን ፍየል የሰረቀ ሰው ይመስል ዙሪያዬን አየሁ። ተማሪ ሳለሁ እኔንም እንዲሁ ነበር ያስጠኑኝ ለካ።

በማግሥቱ ሙኒራ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ።

«ልጆችህ ገረሙኝ ታሜ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል፣ እስትንፋስ የሚወስዱበት ቦታ ሳይቀር አንድ ነው። ነግረሃቸው ነበር እንዴ?»

«እኔ? ማርያምን!» አልኩ። ከሀና ማርያም ደጃፍ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ቆሜ።

አመነችኝ። አምናኝ ስምንት ወር ሙሉ ጻፈች። ጥሩ የሚያስተምር መምህር ያላቸው ልጆች እንኳ ቃሉን እንጂ ነገሩን አይዙም እያለች። አማካሪዋ ወደዱት፤ ወሬውም ክረምት ስንገባ ደረሰኝ፦ የዘንድሮው ጥናት የሙኒራ ነው፣ ወንበሩ የእሷ ነው። ዶርም ውስጥ አንዱ ሲነግረኝ የጀመርኩትን ዳቦ አስቀመጥኩት። ጥናቷን ላበላሽ ብዬ ያደረግኩት ነገር ጭራሽ ሊያስመርቃት! እናቴ፣ ባልቴቶቹ፣ መሰላሉ፣ ሁሉም ዐይኔ ላይ ዞሩ።

ያን ጊዜ ነው የመጨረሻው ካርታ እጄ ላይ እንዳለ ትዝ ያለኝ። እውነቱ!

ጥናቷን ለፈታኞች ልታቀርብ አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ በነሐሴ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አባቷ ሱቅ ሄድኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ከመንገዱ ሁለት የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ አንዱን ለእሷ ያዝኩ፤ ሰው ሲገድሉ ባዶ እጅ አይኬድም። ከሱቁ ቆርቆሮ ሥር፣ በተደረደሩት ባልዲዎች መሀል ቆመን በላን። ጠብታው ባልዲዎቹን እንደ ከበሮ ይደበድባቸዋል።

«ሙኒ፣ ያ ጥናትሽ አይሆንም» አልኳት።

«ለምን?»

«ልጆቹን አስጠንቻቸዋለሁ። ሁለት ሳምንት። ቃል በቃል።»

በቆሎው እጇ ላይ ቀረ። ወደ መንገዱ ስታይ ቆየች። ያንን ዝምታዋን ታውቁታላችሁ። እኔ በልቤ የማጽናኛ ቃል አዘጋጅቼ፣ መሀረብ እንኳ ይዤ፣ እንባዋን እጠብቃለሁ።

«ምለህልኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ለምንድን ነው አሁን የነገርከኝ?»

እዚህች ላይ አንድ ቃል ማለት ነበረብኝ። ቀንቼ ነው። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን «ኅሊናዬ እንቢ አለኝ» አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ከብርድ ነው።

ዐይኗ ሞላ። «ይሄን ለመናገር እኮ ልብ ይጠይቃል፣ ታሜ» አለችኝ። ከዚያ በቆሎውን ባልዲ ላይ አስቀመጠችና ወደ ውስጥ ገብታ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ወጣች። «በል ቁጭ በል። ስንት ቀን ነው ያስጠናሃቸው? በቀን ስንት ሰዓት? መጀመሪያ ምን አልካቸው? ማን ቶሎ ያዘ? ሲሳሳቱ ምን ታደርግ ነበር?»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ ዝናቡ እስኪያባራ ተጠየቅኩ። አንዱን ነገር ላጋንን ስል «እንዴት እንዲህ አልክ?» እያለች እየመለሰችኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልጨምር አንድ ታሪክ ተናገርኩ። አባቷ ሻይ ይዘው መጡ። ምን እንደምናወራ ግማሹን ሰምተዋል መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ እውነት የሚናገር ወዳጅ ነው ወዳጅ። እንዳንተ ያለውን አላህ ያብዛላት» አሉኝ።

አያብዛላት! አልኩ በልቤ።

በስድስት ቀን ውስጥ ጥናቷን ከሥሩ አፍርሳ ጻፈችው። ስለ ተሳሳተ መረዳት መሆኑ ቀርቶ ስለ ማስጠናት ሆነ። ልጆች ለእንግዳ ሲዘጋጁ ምን እንደሚያተርፉና ምን እንደሚያጡ፣ መምህሩ ራሱ በቃሉ ተጠይቆ የመሰከረበት። አማካሪዋ ሲያዩት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ አሉ።

በፈተናው ቀን እኔ ቀደምኩ። ቆንጆ ሱፍ ለብሻለሁ። አንደኛው ፈታኝ ወረቀቴን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «መምህር ታምራት፣ አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ። አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ሁሉም መምህራን ያልመለሱት ለምንድን ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ በራልኝ። በስብሰባው ቀን ፊት ለፊት የተቀመጠው መምህር አሥራ ሰባትን ዘሎታል፤ ሌላው ከሱ ገልብጧል፤ ከዚያ ሌላው ከሌላው፤ እስከ ኋላ በር ድረስ። መምህራን ነን፣ በመኮረጅ ከማን እናንሳለን? «በ... በባህላዊ ምክንያት» አልኩ። አሳለፉኝ። ከማዘን ብዛት ነው።

ሙኒራ ስትቀርብ የባትሪ ድንጋዩን፣ አምፖሉንና ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኚያው ፈታኝ እየሳቁ «እስቲ እኔ ልሞክረው» አሉ። አልበራም። ጎናቸው ያሉት ተቀበሏቸው። አልበራም። ሦስት ዶክተሮች በአንዲት አምፖል ላይ አጎንብሰው መነጽራቸው ሲጋጭ አየሁ፤ እሷም ቆማ ስትጠብቃቸው። በመጨረሻ በራች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪቀላ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ያየኛል።

ወንበሩን ወሰደች። እናቴ ለማኅበርተኞቿ «ሌክቸረርነቱን ለሴት ልጅ ለቆላት ነው፣ ልጄ ጨዋ ነው» ብላ አወራች። ሙኒራ የታሰረውን ጥናቷን አንድ ቅጂ ሰጠችኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ የጥናት ሥነ ምግባር ስሙን እንዳልጠራ የሚከለክለኝ፣ እዚህ «መምህር ለ» ያልኩት ባልደረባዬ፣ ማንም ሳያስገድደው በቅንነት እውነቱን ባይነግረኝ ኖሮ ይህ ሥራ ውሸት ይሆን ነበር።

ከዚያ ጥናት ዶክትሬቷ ወጣ፤ ከዶክትሬቷ መጽሐፉ፤ ከመጽሐፉ ጉባኤው፣ ሞጁሉ፣ ፕሮፌሰርነቱ። መምህር ለ አገር አገር ዞሯል፤ እኔ ፓስፖርት የለኝም። የማላውቃቸው ፈረንጆች በስሙ ይከራከራሉ አሉ። የአገሬ ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የሚጸልየው እውነቱን ነው፤ ሙኒራ ባትጸልይም ተሰጥቷታል።

ያን ሰኞ፣ በታክሲው ሰልፍ ዜናውን ባየሁበት ዕለት፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

«ታሜ! ሰማህ አይደል?»

«ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ፕሮፌሰር።»

«አንተ ደግሞ! ሙኒ በለኝ። ስማኝ፣ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲው ንግግር አድርጊ ብሎኛል። ስለ መምህር ለ ነው የምጀምረው። አሁንማ ከፈቀድክልኝ ስምህን ጠርቼ ብድግ እንድትል እፈልጋለሁ። ሰው ይወቅህ። አባቴም ይመጣሉ፣ ደክመዋል ግን ያ ልጅ ካለ እሄዳለሁ ብለዋል።»

መንገዱ ዳር ቆምኩ። ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ያልፋል፣ ረዳቶቹ «ጀሞ! ጀሞ አንድ! ጀሞ ሁለት!» ይላሉ። ልክ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

«ሙኒ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያኔ የነገርኩሽ ለኅሊናዬ ብዬ አይደለም። ጥናትሽን እንድትጥዪው ነው። ቀንቼብሽ ነበር። እስካሁንም እቀናብሻለሁ።»

ሳቋ ፈነዳ።

«አይ ታሜ! አይ አንተ! ፕሮፌሰር ሆኜም አትተወኝም?»

«እውነቴን ነው!»

«እሱማ አንተ መቼ ዋሽተህ ታውቃለህ!» ሳቋ ባሰባት። «ይሄን ለአባቴ እነግራቸዋለሁ፣ በሳቅ ነው የሚሞቱት። በል ቅዳሜ በጊዜ ና፣ የፊት ወንበር አስይዤልሃለሁ።» ዘጋችው።

ዕድሜ ልኩን ያጋነነ ሰው አንድ ቀን ልኩን ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ወደ ጀሞ ሄድኩ። በፕሮፌሰርነቷ እቀናለሁ፤ አልዋሽም፣ ጻድቅ አይደለሁም። በዝምታዋ እቀናለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምቀናው ግን በዚያ በመምህር ለ ነው። ዝናብ ውስጥ ቆሞ፣ ወንበሩን እያጣ፣ እናቱን እያሳፈረ፣ ለጓደኛው እውነት የተናገረ ሰው። ሙኒራ ከሃያ ዓመት በላይ ታውቀዋለች፣ አባቷ ይመርቁታል፣ ፈረንጅ ይጠቅሰዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ አግኝቼው አላውቅም። በዚያች ነሐሴ ከሰዓት እሱን ለመሆን የቀረኝ አንድ ቃል ነበር።

ቅዳሜ ስሙ ሲጠራ፣ ሌላ የሚቆምለት ሰው ስለሌለ፣ እኔ እቆማለሁ።